ከመድረክ ስትወርድ የት ትገባለህ?

ልጄ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚያገለግል ፓስተር በሽምግልናው የት እንደሚኖር የሚወሰነው ጡረታ ሲወጣ አይምሰልህ። ነገሩ በአብዛኛው የሚያልቀው እጅ ከተጫነበት በሁለተኛው ዓመት፣ ታክስ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ገና ጎልማሳ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ ምእመኑ የሌላ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይቶ እሑድ ከሰዓት ይሰበሰባል፤ ፓስተሩ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ ስለ እርጅና የሚያስብበት ፋታ የለውም። እኔ አሁን ፋታው አለኝ። ከአገልግሎት ከወረድኩ ወዲህ የታዘብኩትን፣ ከታላላቆቼ የሰማሁትንና ዞሬ ያየሁትን ልንገርህ። አንተ ደግሞ ለባለቤትህና ለሽማግሌዎችህ አንብብላቸው።

ጡረታ የወጡ ወንድሞችን መጠየቅ ልማድ አድርጌአለሁ። አብዛኞቹን የማገኛቸው በልጆቻቸው ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ልጁ መልካም ልጅ ነው፤ ምራቲቱም ታከብረዋለች፤ ምግቡ ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦለታል። ግን ሁለቱም ጠዋት ለሥራ ይወጣሉ፤ የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እሱ ዓይኑ ስለደከመ መንዳት አቁሟል፤ በሰፈሩ አውቶቡስ አያልፍም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጋባ፣ ለቅሶ ሲያጽናና፣ ሆስፒታልና እስር ቤት ሲመላለስ የኖረ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያነጋግረው አያገኝም። ሌሊት ሰዎች እየደወሉ የሚቀሰቅሱት ሰው ነበር። አሁን ስልኩ የሚጮኸው የሐኪም ቀጠሮ ለማስታወስ ነው። ልጆቹን አትውቀስ፤ የዚህ አገር ኑሮ እንዲህ ነው። ስለ መኖሪያ ስናገር ጣሪያና ግድግዳ ብቻ ማለቴ እንዳልሆነ ግን ከዚህ ተረዳልኝ። አገልጋይ ሲያረጅ የሚያስፈልገው አቅሙ የሚችለው ኪራይ ነው፤ በእግሩ ሄዶ የሚያገኘው ወንድምም ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተገኙ ቤት አገኘ አልልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እንዳይሰለችህ፤ የሽምግልናህ ቤት የተሠራው ከዚህ ነው። የአሜሪካ ሕግ ፓስተርን ሁለት መልክ ሰጥቶታል። ለገቢ ግብር ሲሆን ተቀጣሪ ነው፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር መዋጮ ሲሆን ግን ለራሱ የሚሠራ ሰው ነው። ለሌላው ሠራተኛ ግማሹን መዋጮ አሠሪው ይከፍልለታል፤ ፓስተር 15.3 በመቶውን ከራሱ ኪስ ያወጣል። ለቤት ተብሎ የሚሰጠው አበልም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቤት ሰጥታው ከሆነ የቤቱ የኪራይ ግምትም ከገቢ ግብር ነፃ ይሁን እንጂ ለዚህ መዋጮ ይታሰባል። ለጀማሪ አገልጋይ ይህ ሸክም ነው። በዚህ ጭንቀት መካከል አንድ ወዳጅ ይመጣና፣ “ፎርም 4361 የሚባል አለ፤ ሞልተህ ካስገባህ ከዚህ ሁሉ ነፃ ትወጣለህ” ይለዋል።

ይህን ፎርም በደንብ እወቀው። የተዘጋጀው በእምነቱ ወይም በሕሊናው ምክንያት፣ በአገልግሎቱ ስም የመንግሥት መድን መቀበልን ለሚቃወም አገልጋይ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ አልተሠራም፤ ስትፈርም የምትመሰክረው ተቃውሞህ የእምነት መሆኑን ነው። የማስገቢያው ጊዜ ከአገልግሎት 400 ዶላርና ከዚያ በላይ የተጣራ ገቢ ባገኘህበት በሁለተኛው ዓመት፣ የዚያ ዓመት ታክስ በሚገባበት ቀን ይዘጋል። አንዴ ከጸደቀ አይሻርም። ኮንግረስ የመመለሻ በር የከፈተው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሕግ የተፈቀደው ሲሆን እሱም ከተዘጋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕሊናህ በእውነት የሚቃወም ከሆነ ከሕሊናህ ጋር አልሟገትም፤ ግን መዋጮውን ባቆምክበት ወር ያንኑ ያህል ገንዘብ ለሽምግልና ማስቀመጥ ጀምር። ሕሊናህ የማይቃወም ከሆነ አትፈርም። በእግዚአብሔር ፊት ያላመንክበትን አምኛለሁ ብለህ መፈረም ለሰባኪ አይገባም፤ ከዚያም ሌላ፣ በ67 ዓመትህ ከአገልግሎት ያፈራኸው ጡረታ የለህም ትባላለህ። ከሌላ ሥራ ወይም በባለቤትህ በኩል 40 የሶሻል ሴኩሪቲ የሥራ ክሬዲት ካልተገኘም የሜዲኬርን ፓርት ኤ፣ ማለትም የሆስፒታሉን መድን፣ በየወሩ እየከፈልክ ትገዛዋለህ።

ብዙዎቻችን ያገለገልነው ታክሲ እየነዳን፣ ፓርኪንግ ቆመን፣ ሆቴል እየሠራን ነው። ያ ሥራ ለሽምግልና በረከት የሚሆነው በመዝገብ ሲሰፍር ነው። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚሰጠው ለ1,810 ዶላር ገቢ ነበር፤ በዓመት የሚገኘው ከአራት አይበልጥም፤ ስለዚህ 40 ለመሙላት ቢያንስ አሥር ዓመት ያስፈልጋል። ታክሲ የሚነዳ ወንድም ወጪውን እየደራረበ የተጣራ ገቢውን በየዓመቱ ወደ ባዶ ካወረደው የዚያን ዓመት ታክስ ያመልጣል፤ የዚያን ዓመት ክሬዲትም ያጣል። እንዲህ ሃያ ዓመት ነድቶ መዝገቡ ላይ የአምስት ዓመት ሥራ ብቻ የተገኘለትን ሰው አውቃለሁ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ አካውንት ክፈትና መዝገብህን በየዓመቱ እየው። የጎደለ ነገር ካለ ቶሎ አመልክት፤ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከአሥራ አምስት ቀን ካለፈ ማረም በጣም ከባድ ነው።

ሽማግሌዎችህም ድርሻቸውን ይወጡ። በፖስታ የሚሰጥ ስጦታ ፍቅር ነው፤ እቀበለዋለሁ፤ ግን በደመወዝ ቦታ አይቆምም። በዓመቱ መጀመሪያ፣ ገንዘቡ ሳይከፈል፣ ከደመወዙ ምን ያህሉ የቤት አበል እንደሆነ ወስነው ቃለ ጉባኤ ይያዙ፤ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መወሰን አይቻልም። ቤተ ክርስቲያናችሁ ከአንድ ትልቅ ማኅበር ጋር የተያያዘች ከሆነ የዚያን ማኅበር የጡረታ ተቋም ጠይቁ። የደቡባዊ ባፕቲስቶች ጋይድስቶን፣ የኤልካ ሉተራውያን ፖርቲኮ፣ የፕሬስቢቴሪያን የጡረታ ቦርድ አሏቸው። በእነዚህ በኩል የሚቀመጥ ገንዘብ አንድ ጥቅም አለው፤ ጡረታ ከወጣህ በኋላም ከሚከፈልህ ላይ የቤት ወጪህን ያህል እንደ ቤት አበል ሊሰየምልህ ይችላል፤ በእሱም ላይ የገቢ ግብር አትከፍልም። አንድ ሰው መክሮህ ያን ገንዘብ አውጥተህ ወደ ተራ አይ.አር.ኤ፣ ማለትም ወደ ግል የጡረታ ሒሳብ፣ ካዛወርከው ግን ይህ መብት ይቀራል። የምናውቃቸው የባንክ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ አይነግሩንም።

አገልጋይ ቤት አልባ ሆኖ ማርጀቱ የኛ ትውልድ ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። በእንግሊዝ ቄሱ የሚኖረው በደብሩ ቤት ነበር፤ የሞተ እንደሆነ ቤቱ ለተተኪው ይለቀቃል፤ መበለቲቱ ዕቃዋን ይዛ ትወጣለች። የሮቸስተሩ ጳጳስ ጆን ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1666 ሲያርፍ በተወው ኑዛዜ ነው በብሮምሊ ለሃያ የቀሳውስት መበለቶች መኖሪያ የተሠራው፤ ሕንፃው ዛሬም አለ። በአገራችን ደግሞ ካህኑ የሰሞን መሬት ነበረው፤ ጉልበቱ ሲደክም ልጁ እያረሰለት ያድር ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያን ዘጋው። እኛ ወንጌላውያኑ ከመጀመሪያውም መሬት አልነበረንም። ስደቱ ሲጨመርበት የሚጦር መሬትም፣ የሚጦር ሰፈርም የሌለን ሰዎች ሆንን።

እንግዲህ ለአገልጋዮች ተብሎ ስለተሠራ መንደር ከማውቀው ልንገርህ። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ከጃክሰንቪል በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ክሌይ ካውንቲ ውስጥ ፔኒ ፋርምስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። መሥራቿ በስሙ የሚጠሩትን መደብሮች የከፈተው ነጋዴ ጄምስ ካሽ ፔኒ ነው። አባቱ ሚዙሪ ውስጥ የሚያርስ፣ እሑድ እሑድ ያለ ደመወዝ የሚሰብክ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። ልጁ ያለ ክፍያ የሚያገለግል ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ኖሮበት ያውቀዋል። ከበለጸገ በኋላ በ1920ዎቹ አጋማሽ በዚያ አካባቢ 120,000 ኤከር የሚያህል መሬት ገዛ፤ ለገበሬዎች ሠርቶ ማሳያ ሊያደርገው ነበር ያሰበው። በዚያው መሬት ላይ በ1926 ጡረታ ለወጡ ሰባኪዎች፣ ሚሲዮናውያንና የቤተ ክርስቲያን ሠራተኞች መንደር ማሠራት ጀመረ፤ በ1927 ለወላጆቹ መታሰቢያ አድርጎ አስመረቀው። ቤቶቹ የፈረንሳይ ኖርማንዲ ገጠር መልክ ይዘው ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ 96 አፓርትመንቶች ነበሯቸው፤ በመካከላቸው ቤተ ክርስቲያን ቆሟል።

ከዚያ የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ፔኒ ሀብቱን አጣ፤ ጤናውም ተናጋ፤ የእርሻው ዕቅድ ፈረሰ፤ ሰፊው መሬት ተሸጠ። መንደሩ ግን አልጠፋም። ክርስቲያን ሄራልድ የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት ይዞት ቆየ፤ በኋላም ራሱን ቻለ፤ ይኸው መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዛሬ የሚገባው አገልጋይ ብቻ አይደለም፤ ክፍያም አለው፤ ነገር ግን ከድሮው አንድ ነገር ይዞ ቀርቷል። የገባ ሰው ጊዜውን ለጎረቤቱ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። አቅም ያለው የደከመውን ሐኪም ዘንድ ያደርሳል፤ ሌላው መጻሕፍት ቤቱን ይጠብቃል፤ ሌላው የእንጨት ሥራውን ይይዛል፤ ዘማሪው ይዘምራል። መንገዶቹን ዞሬ ሳይ ልቤን የነካው ይህ ነው። አሮጌዎቹ ሚሲዮናውያን በትንንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪዎች እየነዱ የታመመ ይጠይቃሉ። ከአገልግሎት የወረደ ሰው አላየሁም፤ አገልግሎቱ ወደ ሰፈሩ ጠብቧል እንጂ። እንደኔ ግምት መንደሩን ያቆየውም ይህ ነው። የባለጸጋ ኪስ አንድ ቀን ይነጥፋል፤ ፔኒን የሚያህል ሰው ኪሱ በጥቂት ዓመታት ነጥፏል። ነዋሪዎቹ ሥራውን በእጃቸው ስለያዙት ግን ቤቱ ቀጠለ።

ሌላው ካሊፎርኒያ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ በስተ ምሥራቅ፣ ክሌርሞንት ከተማ ያለው ፒልግሪም ፕሌስ። በ1915 የተጀመረው ለዕረፍት ወደ አገራቸው ለሚመለሱ ሚሲዮናውያን ማረፊያ ተብሎ ነበር፤ ውሎ አድሮ ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያንና በበጎ ሥራ ያሳለፉ ሰዎች የሚጦሩበት ሆነ። በየዓመቱ በኖቬምበር ወር ነዋሪዎቹ የእጅ ሥራቸውንና የሠሩትን ምግብ እየሸጡ ታላቅ ባዛር ያደርጋሉ። ገቢው ገንዘቡ ያለቀበት ጎረቤት የሚደገፍበት ፈንድ ውስጥ ይገባል። ልጄ፣ ይህን አስተውል። ሰው በ70 ዓመቱ ገብቶ 95 ዓመት ቢኖር ያጠራቀመው ያልቅበታል፤ ረጅም ዕድሜ መኖር ጥፋት ሆኖበት እንዳይወጣ አስቀድመው አሰቡለት። በፓሳዴና ያለው የፕሬስቢቴሪያኖች ሞንቴ ቪስታ ግሮቭም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው።

እነዚህ ቦታዎች መልካም ናቸው፤ ለኛ ሰው ግን በራቸው ጠባብ ነው። እንዲህ ባለው መንደር ብዙውን ጊዜ የመግቢያ ክፍያ አለ፤ እንደ ቦታውና እንደ ቤቱ ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች ዶላር ይደርሳል፤ ከዚያም ወርሃዊው አለ። ደግነቱ፣ አንዳንዶቹ ዕድሜውን ያገለገለ ሰው ገንዘብ ሲያጥረው የሚደግፉበት መንገድ አላቸው፤ ጠይቅ፤ መጠየቅ ልመና አይደለም። ከመፈረምህ በፊት ውሉን ከጠበቃ ጋር አንብበው። ስትታመምና ነርስ ስትፈልግ ወርሃዊው ክፍያ እንደነበረ ይቆያል ወይስ በገበያው ዋጋ ይጨምራል? በሁለተኛው ዓመት ብሞት ወይም ብወጣ ከመግቢያው ምን ያህሉ ይመለሳል? ገንዘቤ ቢያልቅ ታስወጡኛላችሁ? ይህንን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያሳዩህ። በኦዲተር የተመረመረ የሒሳብ መግለጫቸውን ጠይቅ፤ ባዶ አልጋ የበዛበት ቤት መግቢያህን በልቶ ሊዘጋ ይችላል። ፍሎሪዳ እነዚህን ውሎች የሚቆጣጠረው በኢንሹራንስ ተቆጣጣሪው፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በኩል ነው፤ ደውለህ ስለ ቤቱ ብትጠይቅ ይነግሩሃል። ሜዲኬር አለኝ ብለህም አትዘናጋ። ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተህ ከወጣህ በኋላ የማገገሚያ ነርሲንግ ቤት እስከ 100 ቀን ይሸፍናል፤ ከ20ኛው ቀን በኋላ አንተም በየቀኑ ትከፍላለህ። ለዘለቄታው የሚጦርህ ሜዲኬር አይደለም።

ለአብዛኞቻችን የሚሆነው ቤት ሌላ ነው፤ እኔና ባለቤቴም የምንኖረው በእንዲህ ያለው ነው። በ1959 የወጣው የቤቶች ሕግ ክፍል 202 የሚባለው ለአረጋውያን የሚሠሩ አፓርትመንቶችን ይደግፋል። ከሠሩትና ከያዟቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ ከአብያተ ክርስቲያናት የወጡ ናቸው። የሚገባው 62 ዓመት የሞላው፣ ገቢው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ግማሽ የማይበልጥ ሰው ነው። ኪራዩ ተቀናሹ ከተቀነሰ በኋላ ከሚቀረው ገቢ 30 በመቶ ያህል ነው። ጡረታህ ትንሽ ከሆነ ኪራይህም ትንሽ ነው። ይህንን ታክስ ክሬዲት ከሚባሉት ሕንፃዎች ጋር እንዳታምታታው፤ እነሱም ለአረጋውያን ይሠራሉ፤ መልካቸውም ያማረ ነው፤ ኪራያቸው ግን የሚተመነው በአካባቢው ገቢ እንጂ በአንተ ገቢ አይደለም፤ በ900 ዶላር ጡረታ አትችለውም።

ችግሩ ወረፋው ነው። ዌይቲንግ ሊስቱ ዓመታት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ሕንፃ ዝርዝሩን ዘግቶ በዓመት ለጥቂት ቀን ብቻ ይከፍታል። በአንዱ ሕንፃ ብቻ ተመዝግበህ አትቀመጥ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ዝርዝር አለው፤ በብዙዎቹ ተመዝገብ። ማመልከቻህን ከደረሰኙ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አኑረው። ስልክና አድራሻ ሲቀየር ለሁሉም አሳውቅ። በየጊዜው “አሁንም ትፈልጋለህ?” የሚል ደብዳቤ ይልካሉ፤ በተባለው ቀን ካልመለስክ ስምህ ይፋቃል። አራት ዓመት ወረፋ ጠብቀው ደብዳቤው በልጃቸው የድሮ አድራሻ ስለሄደ የተሰረዙ እናት አሉ። እንግሊዝኛው ለከበዳቸው ታላላቆች ደብዳቤ የሚያነብ አንድ ወጣት ከምእመኑ መድቡ፤ ይህ ከመዘምራን አገልግሎት አያንስም።

አንድ ሌላ ምክር አለኝ፤ ከሁሉም ይልቅ ይህን እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ። ብቻህን አታመልክት። ሦስት አራት ባልና ሚስት ተነጋገሩና በአንድ ሕንፃ ላይ ተመዝገቡ። ሁላችሁም በአንድ ወር አትገቡም፤ ቀዳሚው የገባ የኋለኛውን ይጠብቃል። እኛ ባለንበት ሕንፃ እንዲህ ነው የሆነው። በመጀመሪያ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት በጋራው ክፍል አማርኛ ጸሎት አለ፤ ኮሪያውያኑና ኤልሳልቫዶራውያኑም በየተራቸው ይጸልያሉ። ሴቶቹ ቡና ሲቆሉ የጢስ ማስጠንቀቂያው ስለሚጮህ ማኔጀሯ ራሷ የጋራውን ኩሽና ማናፈሻ አሳየቻቸው። አንዱ ወንድም ሲታመም በር የሚያንኳኳ አለ። ሰባኪዎቹም ተራ ገብተው ያስተምራሉ፤ ማስታወሻ ደብተራቸውን እንደገና አውጥተዋል። ፔኒ ፋርምስ ያየሁትን ነገር ያለ መቶ ሺህ ዶላር አገኘሁት ብል አላጋነንኩም።

በየኮንፈረንሱ የሚነሳ ሐሳብ አለ፤ “መሬት ገዝተን የራሳችንን የአገልጋዮች መንደር እንሥራ” ይባላል። የሚሉት ወንድሞች ልባቸው ቀና ነው፤ ምኞቱንም እወደዋለሁ። ግን በሕንፃ አንጀምር። አረጋውያንን የሚጦር ቤት የግዛቱ ፈቃድ፣ የዞኒንግ ፈቃድ፣ ሌሊትና ቀን የሚቆም ሠራተኛ፣ መድን ይፈልጋል፤ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ደግሞ ገና በሕንፃ ባለቤትነት እየተካሰሱ የሚለያዩ ናቸው። በክርክር ላይ ያለ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ማስገባት ኃጢአት ነው። በፈንድ እንጀምር። አሥር አብያተ ክርስቲያናት በየወሩ ከመባቸው ጥቂት ቢያስቀምጡ የሰባት ዓመት ወረፋ ለሚጠብቅ ወንድም የኪራይ ልዩነት ይሸፍናል፤ የመግቢያ ክፍያ የጎደለውን ይሞላል፤ ለሐኪም ቀጠሮ ትራንስፖርት ይከፍላል። ገንዘቡ ከአንድ ሰው ስም ሳይሆን ከተመዘገበ ማኅበር ስም ይሁን፤ በየዓመቱም ሒሳቡ ለምእመኑ ይነበብ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ክፍል 202 ቤት ለሚኖር ሽማግሌ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚሰጥ ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠርና ኪራዩን ያስጨምራል። አትደብቁት፤ ከቤቱ ማኔጀር ጋር ተነጋግራችሁ እንዴት እንደሚሻል ወስኑ።

አገር ቤት ገብቼ አርፋለሁ የምትል ከሆነም እባርክሃለሁ፤ እኔም አስቤዋለሁ። የአሜሪካ ዜግነት ካለህ ሶሻል ሴኩሪቲህ ኢትዮጵያም ይከተልሃል። ሜዲኬር ግን ከአሜሪካ ውጭ ለሚሰጥ ሕክምና፣ ጥቂት ለየት ያሉ ሁኔታዎች ካልሆኑ፣ አይከፍልም፤ ኤስ.ኤስ.አይ የሚባለውን የዝቅተኛ ገቢ ድጎማ የምታገኝ ከሆነ ደግሞ ከአገር ወጥተህ 30 ቀን ስትሞላ ይቆማል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሳያሰላ አይሂድ። የአፓርትመንት ቤትህንም ለብዙ ወራት ዘግተህ ብትሄድ ቦታህን ልታጣ ትችላለህ፤ የውሉን የመቅረት ገደብ አንብብ።

አሁን ስለ ባለቤትህ ልናገር፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ሌላው ሁሉ ግማሽ ነው። የፓስተር ሚስት በዚህ አገር ብዙ ጊዜ ቤቱን የምታኖረው እሷ ናት። ሆም ኬር ሠርታለች፣ ሆቴል አንጥፋለች፣ ሕፃናት ጠብቃለች፤ በእሷ የሥራ መዝገብ ላይ ያለው ክሬዲት ከአንተ ይበልጥ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ለትዳር ጓደኛ የሌላውን ጡረታ እስከ ግማሽ፣ ለመበለት ደግሞ እስከ ሙሉው ድረስ ይፈቅዳል፤ ግን መዝገብ ላይ ካለው ነው። ፎርም 4361 ፈርመህ ከሆነ ከአገልግሎትህ ዓመታት ለእሷ የሚተርፍ የለም። እሷ ሳታነበው አትፈርም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በሰጠችው ቤት ከምትኖሩ፣ ብትሞት እሷ ስንት ወር ትቆያለች የሚለው በጽሑፍ ይኑር፤ እኔ አንድ ዓመት ይሁን እላለሁ። በኅዘን ላይ ያለች ሴት በአርባው ቀን ቤት አትፈልግ። ወደ ጡረታ መንደር ብትገቡ ውሉ ላይ የሁለታችሁም ስም ይጻፍ፤ አንዱ ሲሞት ወርሃዊው እንዴት እንደሚሆን ይገለጽ። ወጣት ሳለህም ለዓመታት የተወሰነ የሕይወት መድን ግዛ፤ በጎልማሳነት ዋጋው ትንሽ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ይህን የእምነት ማነስ ያደርጉታል። ስንት የአገልጋይ መበለት ለቀብር ወጪ ስሟ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ለእሷ ስል ከእነሱ ጋር አልስማማም።

ከሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ በፊት የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብህን፣ ያለፉትን የሦስት ዓመት የታክስ ወረቀቶችና ቤተ ክርስቲያኒቱ የጻፈችልህን የቅጥር ደብዳቤ ሰብስብ፤ ደብዳቤ ከሌለ እሱን አስጽፍ። ሁለተኛውን ዓመት ገና ያልጨረስክ ከሆነ አንድም ፎርም ሳትፈርም ደውልልኝ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ነፃ ነኝ። የፓስተሮችን ታክስ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱንም እጠራዋለሁ፤ ባለቤትህን ይዘሃት ና።